የኤርካሌው ሽማግሌ

ይመር ሙሄ በኤርካሌ ጦር ሰፈር የተቀጠረው ሽማግሌ ሆኖ ነው። ሲቀጠር ገና አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ጥርሱ ሙሉ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ሰው ነበር። ጢሙ ግን ቀድሞ ሸብቶ ስለነበር መዝጋቢው አንዴ ቀና ብሎ አየውና «ሽማግሌ» አለ፤ በቃ። ነጭ ኩታና ከዘራ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሥራውን ወደ መምሰሉ አረጀ። አሁን ከዘራውን ቢቀሙት መራመድ ይቸግረዋል።

ጠዋት ሳይረኑ ሲጮኽ፣ ወታደር ሊለማመድበት ከተሠራው የውሸት መንደር ቤቶች ከአንዱ ይወጣል። ወታደሮቹ በአቧራ ውስጥ ይመጣሉ፤ ከፊታቸው ባለ አራት እግር ማሽኖች፣ ከአናታቸው በላይ ደግሞ የመንደሩ ሰዎች ንብ የሚሏቸው ትንንሽ በራሪዎች። ይመር ወደ ፊት ይራመድና መንደሩን ወክሎ ይናገራል። አንዳንድ ቀን ይለምናል፣ አንዳንድ ቀን ይቆጣል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቤቱ ጠመንጃ እንደደበቀ ሰው ዐይኑን ይሰብራል። ደረቱ ላይ ያሰሩለት ሰደርያ ቀይ ከበራ ሞቷል ማለት ነው፤ ተነሱ እስኪባል ይተኛል። የቆዩት ሰዎች ጥላ አጠገብ መሞት ያውቁበታል። አዲስ የመጡት ፀሐይ ላይ ይወድቁና ማታ ጀርባቸውን በቅባት ያሻሉ።

ከቆዩት አንዷ ትርንጎ ናት። የትርንጎ ሥራ እናት መሆን ነው። ልጇ ሲወሰድ፣ ልጇ ሲሞት፣ ልጇ ሳይመለስ ሲቀር ታለቅሳለች። እውነተኛ ልጅ ኖሯት አያውቅም። ማልቀሱን ግን ማንም አያክላትም፤ አንዳንዴ ከሌላ አገር የመጡ ወታደሮች ከልምምዱ በኋላ ፈልገዋት ይመጡና ይቅርታ ይጠይቋታል።

ኤርካሌ ጥንት የጨው ነጋዴዎች ግመል የሚያሳርፉበት፣ ጎምዛዛ ውሃ ያለው አንድ ጉድጓድ ብቻ የነበረበት ሜዳ ነው ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች፣ የውጭ አገር ጦሮች፣ የባሕር ወንበዴ እንጠብቃለን ብለው መጡ፤ ድንኳንና አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበራቸው። ወንበዴው ሲጠፋ ሌሎች ተከራዮች መጥተው ከጎናቸው ሰፈሩ፤ እነዚህ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ምን እንደሚሠሩ ለማየት ነበር። ድንኳኑ ግንብ ሆነ፣ ግንቡ ምድር ቤት አወጣ። በኋላ መርከቦቹ መንገድ ቀይረው በሰሜን፣ በረዶው በቀለጠበት በኩል መሄድ ሲጀምሩ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ይዘጋል» አለ። አልተዘጋም። ጦር ሰፈር ሥራ ቢያጣ ሌላ ሥራ ይፈልጋል እንጂ አይዘጋም። አጥሩ ጉድጓዱን አለፈ፣ የግጦሹን መሬት አለፈ፣ የአፋሮቹን መቃብር አለፈ፤ ዛሬ በመኪና ለመዞር አንድ ቀን አይበቃም። የኤርካሌ ሥራ አሁን ማለማመድ ነው። አገሮች ወታደሮቻቸውንና ማሽኖቻቸውን ይልካሉ፣ ኤርካሌ ሰው ምን እንደሚመስል ያሳያቸዋል።

መንደሩ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። አንዱ ጦር ተለማምዶ ሲሄድ ክሬኖች ይመጡና ግድግዳውን ነቃቅለው ሌላ መንደር ይተክላሉ። አንድ ጊዜ ክብ የድንጋይ ቤቶች ያሉበት ኮረብታ ሠሩ። ከወራት በኋላ ትርንጎ በመመገቢያው አዳራሽ ስክሪን ላይ እነዚያኑ ክብ ቤቶች አየች፤ ጣሪያ አልነበራቸውም። ማንኪያዋን አስቀምጣ ይመርን አየችው። ይመርም አያት። ሾርባቸውን ጨረሱ። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

በዚያ ዓመት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ ክሬኖቹ መጀመሪያ የተከሉት ድልድይ ነበር። ይመር ከርቀት አየውና ተወው፤ ድልድይ ሁሉ ድልድይ ነው። ቀጥሎ መስጊድ ተከሉ፤ ሁለት ሚናራ፣ አንዱ ከአንዱ አጭር። ይመር ከተቀመጠበት ተነሳ። ሲሚንቶ አልቆ አጭር የቀረ ሚናራ የሚያውቀው በአንድ ከተማ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ በር ያለው፣ በውጭ በኩል የብረት ደረጃ የሚወጣበት ፎቅ ቆመ። ይመር በከዘራው እየተደገፈ ወደዚያ ሄደ። ከደረጃው እርከኖች አንዱ ወደ ግራ የተጣመመ ነበር። አማቹ «አስተካክለዋለሁ» እያለ ዓመታት ያሳለፈበት እርከን ነው። እነዚህ ሰዎች ጥመቱን ሳይቀር አምጥተውታል።

ከተማዋ ሐርጉላ ናት፣ ፎቁም የልጁ የሉባባ ፋርማሲ። ይመር የሄደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስትዳርና የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ። ደረጃውን ወጥቶ ሰማያዊውን በር ከፈተ። ከበሩ ወዲያ ወለልም ግድግዳም የለም፤ የብረት ድጋፎችና እስከ አድማስ የተዘረጋ ነጭ ሜዳ ብቻ።

ናሆም ከታች ሆኖ ያየው ነበር። ናሆም ተከራዮቹንና የመንደሩን ሰዎች የሚያገናኝ አስተባባሪ ነው፤ የደሴ ልጅ፣ ታላቁን የሚያከብር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው።

«ጋሽ ይመር፣ ይውረዱ፤ ገና አልተጠናቀቀም።»

«ይሄ የት ነው ናሆም?»

«የትም አይደለም። ምሳሌ ነው።»

«ምሳሌው የልጄ ቤት ነው።»

ናሆም ደረጃውን አየ፣ ሚናራውን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። «እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብለው አይናገሩ» አለ፣ ወጥቶም ይመር ወርዶ እስኪጨርስ ክንዱን ያዘው።

ሐርጉላ ያለችው ኮሪደሩ በሚሉት መስመር ላይ ነው። ከወደቡ ወደ ደጋ የሚወጣው ሰፊ መንገድ፣ ከጎኑ የተዘረጋው ቧንቧና ገመድ ሁሉ ሐርጉላ ሲደርስ ቆሟል። ሰዎቹ ተነሱ ተባሉ፣ አንነሳም አሉ። ይህን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ይመርም ያውቀው ነበር፤ ግን እንደ ሌላው የስክሪን ወሬ ከሾርባው ጋር አብሮ ሲውጠው ነበር የቆየው።

የስልክ ክፍሉ ጁምዓ ጁምዓ ይከፈታል። መስመሩ የሚጠላቸው ቃላት አሉት፤ «ወታደር» ወይም «ልምምድ» ያለ ሰው እዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማና ስልኩ ይዘጋበታል። ይመር ተራው ሲደርስ የሚለውን አስቦ ጨርሶ ነበር።

«ሉባባ፣ አክስትሽ ከድጃ በጣም ታማለች» አላት። «ልጆቹን ይዘሽ ባቲ ሂጂ።»

ከድጃ ከሞተች ቆይታለች፤ ሉባባ ራሷ ቀብሯ ላይ ነበረች። ከኋላዋ ልጅ ይስቃል፣ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«አክስቴ ከድጃ?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ። አትቆይም ይላሉ።»

«ገባኝ አባ።» ትንፋሿ ተሰማው። «ግን እሷን እጠይቃለሁ የሚለው እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ነው። ሁላችንም ብንሄድ ቤቷ ይበቃናል?»

«አንቺ ሂጂ ነው የምልሽ።»

«እኔ ከሄድኩ ይሄ ሁሉ በሽተኛ ማን አለው? ከትናንት ወዲያ ሁለት ቤተሰብ ሄደ፤ መንገድ ላይ መለሷቸው። መሄጃውም ተዘግቷል አባ። ዱዓ አድርግልን።»

ይመር ከክፍሉ ወጣ። ወደ መኝታው አልሄደም። የውሃ ሰልፉ ላይ ትርንጎን አገኛትና ለዓመታት ያላነሱትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። «ክቦቹን ቤቶች ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ይሄኛው ልጄ ያለችበት ነው።»

ትርንጎ ጄሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ይመር ያሰበውን ነገራት። ማሽኖቹ የሚማሩት ከእነሱ ነው። ድንጋይ የሚወረውር ሰው ካዩ ሐርጉላ ላይ ድንጋይ ወርዋሪ ይፈልጋሉ፤ የሚሳደብ ካዩ ተሳዳቢ ይፈልጋሉ። ክፉ ነገር ካላሳየናቸው ከየት ይማሩታል? ስለዚህ እጃችንን ዘርግተን፣ ውሃ ይዘን፣ ቀስ ብለን እንውጣ። እንግዳ እንደምንቀበል እንሁን።

«እኔስ?» አለች ትርንጎ። «እኔ ካላለቀስኩ ምን ልሁን?»

«ውሃ ቅጂላቸው።»

ትርንጎ ጥቂት አሰበች። «ከነዚያ ቤቶች በኋላ እንባዬ ሳልጠራው በራሱ ነው የሚመጣው» አለች። «እሺ፣ እቀዳለሁ።» ከዚያ ሰልፉን ተከትላ ከፊቷ ላለችው ሴት በጆሮዋ ነገረቻት፤ ያቺም ለሚቀጥለው። እስከ ምሽት መንደሩ ሁሉ አወቀ። የማይፈልግ አልነበረም። ስንት ዓመት ሙሉ ሲሞቱ የኖሩ ሰዎች፣ አንድ ቀን ላለመሞት የሚለምናቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።

የሐርጉላ ልምምድ በተጀመረበት ጠዋት የተሰጣቸው መመሪያ አጭር ነበር፦ እንደ አካባቢው ሰው ሁኑ። ሳይረኑ ጮኸ። ባለ አራት እግሮቹ ከድልድዩ ወዲያ ታዩ፣ ንቦቹ ሰማዩን ሞሉት። ይመር ኩታውን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ፣ ሁለት መዳፉን ከፍቶ ወደ ድልድዩ ወጣ። ከኋላው ትርንጎ ማሰሮ ይዛ፣ ከእሷ ኋላ ሌሎቹ። የሮጠ የለም፣ የጮኸ የለም። የፊተኛው ማሽን ሊደርስበት ሲል ቆመ። አንገት የሚመስለውን ነገር ወዲህ ወዲያ አዞረ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መንገድ ለቀቀ። ከኋላው የመጣው ወታደር ፊቱ በፀሐይ የቀላ ጎረምሳ ነበር፤ ትርንጎ የሰጠችውን ኩባያ ተቀብሎ ጠጣ። ያን ቀን የማንም ሰደርያ ቀይ አልበራም።

የቀጣዩ ቀንም እንደዚያው አለፈ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ይመር ምግብ ይጣፍጠው ጀመር። ጁምዓ ሲደርስ ስልክ ክፍሉ በር ላይ ቀድሞ የተገኘ እሱ ነበር።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አላት። «እንግዳ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ቤት ዘግታችሁ አትቀመጡ። ድልድዩ ላይ ውጡ። እጃችሁ ባዶ መሆኑ ይታይ፤ ውሃ ያዙ። ልጆች እንዳይሮጡ። ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገር።»

«እርግጠኛ ነህ አባ?»

«በዐይኔ አይቻለሁ» አለ ይመር። «ወላሂ፣ በዐይኔ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች። ድምጿ እፎይ ያለ ነበር። «እዚህ ሰው ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ነው ያለው። አንተ ካልክ ይሰሙኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ድልድዩ ከሚወጡት መካከል አዳዲስ ፊቶች ነበሩ። ይመር አዲስ ቅጥሮች መሰሉት። ኩታ ለብሰዋል፣ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ አንደኛው እንደውም ጄሪካን ትርንጎን ከብዷት ሲያይ ተቀብሎ ያዘላት። «ዘርህ ይባረክ» አለችው። ባለ አራት እግሮቹ እንደ ወትሮው ድልድዩ ላይ ቆሙ፣ አንገታቸውን አዞሩ፣ መንገድ ለቀቁ። ወታደሮቹ ተጠጉ። በዚያን ጊዜ ጄሪካኑን የያዘው ሰው ጄሪካኑን ለቀቀውና ከኩታው ስር መሣሪያ አወጣ። ከሌላ በኩል ሌላው አወጣ። ተኩሱ የልምምድ ተኩስ ነው፤ ጫጫታ ብቻ። የወታደሮቹ ሰደርያ እየተከታተለ ቀላ። ወዲያው ንቦቹ ወረዱ፣ በድልድዩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ቀይ በራ፤ የይመርም፣ የትርንጎም። ፈሶ ወደ እግራቸው በመጣው ውሃ ላይ ተኙ። ድልድዩ ላይ ጥላ የለም፤ ቶሎ ተነሱም አላሏቸውም።

ከሰዓት ናሆም ወደ ይመር መኝታ መጣና በር ላይ ቆመ።

«ባለ መሣሪያዎቹን ያስገቡት የልምምዱ አዛዥ ኮሎኔሉ አወጣጣችሁን በጣም ወደዱት» አለ። «እስካሁን ማሽኖቹ የማያውቁት ነገር ነው አሉ። ድንጋይ የያዘ ሰው ያውቃሉ፣ የሚጮኽ ሰው ያውቃሉ። ውሃ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን አያውቁም ነበር።»

«አሁንስ?»

ናሆም የበሩን መቃን ያዘ። «አሁን እያወቁ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ ለዚያ ትምህርት ዋሉ። ይመር እጁን ዘርግቶ ሲወጣ ማሽኖቹ መቆም ተዉ፤ በየቀኑ ከበፊቱ ይበልጥ ከሩቅ ሆነው ቀይ ያበሩበታል። ተስፋ ቆርጦ አንድ ቀን ድንጋይ አነሳ፣ ቀይ በራ። ሌላ ቀን ቤት ዘግተው ተቀመጡ፤ በየቤታቸው በራ። ሸሹ፣ እየሸሹ በራ። ትርንጎ ሳይነግሯት ማልቀስ ጀመረች፣ ለእሷም በራ።

«ምን ቢያደርግ ነው ሰው የማይሞተው?» አለ ይመር፣ ናሆምን መንገድ ላይ አስቁሞ።

«ባይኖር» አለ ናሆም። እንደ ቀልድ ለማለት ሞክሮ ነበር፤ ግን ፊቱ እሺ አላለውም።

ጁምዓ ይመር ስልክ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። በሩ ተቆልፏል፤ ጥገና ላይ ነን የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በሩን በከዘራው መታ። ማንም አልወጣም። ወደ ናሆም ሄደ።

«አንዲት ቃል ብቻ ናት የምነግራት» አለ። «አትውጡ ልበላት። ሌላ ምንም አልልም። አንተ አጠገቤ ቁም፣ ስልኩንም አንተ ያዘው።»

«እኔም እናቴን ካነጋገርኩ ቆየሁ ጋሽ ይመር። ሁሉም ነገር ተዘግቷል።»

«እንግዲያው አሰናብቱኝ፤ በእግሬ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«ግዳጁ እስኪያልቅ የሚወጣ የለም።» ናሆም ዐይኑን ከይመር ላይ ማንሳት አልቻለም። «ምንድን ነው የነገሯት?»

ይመር ፊቱን አዙሮ ሄደ። ቢናገር፣ ነገሩ ከአፉ ወጥቶ እውነት የሚሆን መሰለው።

በዚያ ሳምንት ማብቂያ አውሮፕላኖቹ ተነሱ። ፊቱ የቀላው ጎረምሳና ጓደኞቹ ሄዱ፤ ባለ አራት እግሮቹ በሰንሰለት ተሰልፈው እንደ ግመል እየተነዱ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ገቡ። ኤርካሌ ጸጥ አለች። ለመንደሩ ሰዎች እረፍት ተሰጣቸው፤ ሥጋ በየቀኑ፣ ቀዝቃዛ መጠጥም። ሰው በልምምዷ ሐርጉላ ጎዳናዎች ላይ ምንም ሥራ ሳይኖረው ይንሸራሸር ነበር። ይመር በብረቱ ደረጃ ስር ይቀመጣል። ትርንጎ ምግብ ታመጣለታለች፣ ሳይበላው ትመልሰዋለች። በሶላቱ ላይ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሉባባ አባቷን እንዳትሰማው። ልጅነቷን ሙሉ እልኸኛ ነበረች። ተመከረች፣ ተገሰጸች፣ በጄ አትልም ነበር። ያ እልኳ አሁን እንዲመለስላት ለመነ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስክሪኑ ሐርጉላን አሳየ። አንባቢዋ ሐርጉላ በሰላም ተነስታለች፣ ኮሪደሩ ሥራውን ይቀጥላል አለች። ምስሉ ከላይ የተነሳ ነው፤ አቧራ፣ የቆሙ መኪኖች፣ አጭሩ ሚናራ። ድልድዩ ሲደርስ ምስሉ ተቀየረና የወደቡ አዲስ መጋዘን መጣ። ይመር ከአዳራሹ ወጥቶ ናሆምን ፈለገው። ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ብቻውን ቆሞ አገኘው፤ ሲጋራ ይዟል፣ አላቀጣጠለውም።

«ሉባባ ይመር» አለ ይመር። «ፋርማሲስት ናት። ጠይቅልኝ።»

«ጠይቄያለሁ።» ናሆም ሲጋራውን ሰበረው። «ተነስተው ወደ ሰፈራ ጣቢያ ከተወሰዱት ውስጥ የለችም። ባለቤቷም፣ ልጆቹም የሉም። ድልድዩ ላይ የነበሩ ሰዎች አሉ ጋሽ ይመር። ሌላው ሕዝብ ምንም አልሆነም፤ ድልድዩ ላይ የነበሩት ናቸው።»

«ውሃ ይዘው ነበር?»

ናሆም ቀና ብሎ አየው።

«እንዴት አወቁ?» አለ።

ይመር ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሬት ተቀመጠ። ናሆምም አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀውም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ገባውና በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ።

ሰኞ ክሬኖቹ መጡ። መጀመሪያ ሚናራዎቹን አወረዱ፣ ቀጥሎ የብረቱን ደረጃ። ትርንጎ አላለቀሰችም፤ ሠራተኞቹ እስኪጨርሱ በሩቅ ቆማ አየች። በዚያው ቀን ናሆም ለይመር የመሰናበቻ ፈቃድ ይዞለት መጣ። ፈቃዱን የለመነለት እሱ ራሱ እንደሆነ አልተናገረም። ግዳጁ አልቋል፣ አሁን መውጣት ይቻላል አለው። መኪናም አዘጋጅቶለት ነበር።

ይመር ኩታውን አጥፎ አልጋው ላይ ተወው። ትርንጎ እስከ በሩ ሸኘችው። በሩ ሲከፈት ከብዙ ጊዜ በኋላ አጥሩን ከውጭ በኩል አየው፤ ከውስጥ እንደሚታየው ነው፣ ልዩነት የለውም። መኪናው ውስጥ ቀዝቃዛ ነበር። ሾፌሩ የማያውቀው ወጣት ነው፤ መስታወቱን አስተካክሎ ወደ ኋላ አየው።

«አባቴ፣ ወዴት ልውሰድዎ?»

ይመር አፉን ከፈተ። ባቲ ሊል ነበር፤ ባቲ የነበረችው ከድጃ ሞታለች፣ ቤቷም ተሸጧል። ሌላ የሚያውቀው ቦታ ሐርጉላ ነው። መንገዱን አየ፤ እስከ ኮሪደሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው።

ሾፌሩ ጠበቀው። ጨዋ ልጅ ነበር፣ አላጣደፈውም። ቆይቶ ቆይቶ ሞተሩን አጠፋው።